ካቴድራልን ከመቅደሱ ጀምሮ መመዘን

የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ጥሩ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚል ጨዋታ ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሱት ስፋቱ፣ የጉልላቱ ከፍታ፣ የእምነ በረዱ ዓይነትና የፈሰሰበት ገንዘብ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የምእመናኑን ልግስናና የአሠሪ ኮሚቴውን ድካም ይመሰክራሉ፤ ስለ ሥራው ደረጃ ግን ብዙም አይነግሩንም። ትልቅ ሆኖ የተበላሸ ሕንፃ አለ፤ ብዙ ብር ወጥቶበት ካህኑም ምእመኑም የሚቸገርበት አለ። እኔ የማቀርበው መመዘኛ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የሚታነጸው ለታቦቱ ማደሪያ እንዲሆን ነው፤ ስለዚህ ሥራውም መመዘን ያለበት ታቦቱ ካለበት ከመቅደሱ ተነሥቶ ወደ ውጭ እየወጡ ነው። ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ሥዕሉ፣ ጣሪያው፣ ግቢው ሁሉ ደግ ሥራ ወይም ክፉ ሥራ የሚባለው ከዚያ ማእከል ጋር ባለው ዝምድና ነው። ለዚህ አሳቤ ዋና ምስክር አድርጌ የምጠራው በአዲስ አበባ ያለውን የአራዳውን መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን ነው። በስፋት ከከተማው ቀዳሚ አይደለም፤ ከሩቅ ዓይን የሚስብ ረጅም ግንብም የለውም። በዚህ መመዘኛ ሲታይ ግን ከብዙ ትልልቆች ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ሥርዓቱን እናስታውስ፤ ሥርዓቱ ሳይታወቅ ሕንፃው አይመዘንምና። የቤተ ክርስቲያን ውስጡ ሦስት ነው። ቅኔ ማኅሌቱ የውጭኛው ክፍል ነው፤ ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ የሚያመሰግኑት በዚያ ነው። ቅድስቱ መካከለኛው ነው፤ ቆራቢዎች ሥጋውንና ደሙን ይቀበሉበታል። መቅደሱ የውስጠኛው ነው፤ ታቦቱ በመንበሩ ላይ ያርፍበታል፣ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀርም ማንም አይገባበትም። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ይቆማሉ። ቤተልሔሙ በምሥራቅ በኩል ለብቻው ይሠራል። በበዓል ቀን ታቦቱ ወጥቶ ሕንፃውን ይዞራል። ከዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ከደጀ ሰላሙ ደፍ፣ ከዛፍ ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ የሚያስቀድስ አለ፤ እሱም የጉባኤው አካል ነው። ደግ ሕንፃ የምለው ይህን ሁሉ ሰው በየደረጃው የሚቀበልና ወደ መቅደሱ መቅረብን ለእግር፣ ለጆሮና ለዓይን የሚያስታውቅ ነው። አንዱ ደረጃ ከሌላው ተቀላቅሎ ከጠፋ፣ ወይም አንዱ ወገን ከነጭራሹ ከተረሳ፣ እምነ በረዱ ምንም ያህል ቢያበራ ሥራው ጎድሏል።

የአራዳ ጊዮርጊስ የዓድዋ መታሰቢያ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ ሲገኝ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ነበር፤ ዕለቱም የወሩ 23ኛ፣ ሰማዕቱ የሚታሰብበት ቀን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለዚህ ውለታ መታሰቢያ ያሳነጹት የአሁኑ የድንጋይ ሕንፃ የተገነባው በምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ ንድፉም የጣሊያናዊው መሐንዲስ የሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ አሁንም በ23፣ እዚሁ ነገሡ። ያን ጊዜ የሆነው ነገር ለክርክሬ ትልቅ ማስረጃ ነው። ከመላው ዓለም ለመጣው እንግዳ የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስለማይበቃ ከጎኑ ጊዜያዊ የሸራ አዳራሽ ተተከለ፤ ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃም ተነቀለ። ሕንፃው ለአንድ ቀን ትርዒት ሲባል ቅርጹ አልተለወጠም። አንዳንዱ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ የነገሥታት መንገሻ የሆነ ካቴድራል እንግዳ የማይችል ሆኖ መገኘቱ ያሳፍራል ይላል። እኔ ግን የሚያስመሰግነው ይኸው ነው እላለሁ። የንጉሡ ዕለት በዕድሜው አንድ ቀን ናት፤ ኪዳኑና ቅዳሴው ግን የሁልጊዜ ናቸው። ሕንፃው የተለካው ለሁልጊዜው ነው።

ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ነው፤ የሥራው ጥበብ የሚነበበውም ከዚህ ነው። በደጋው አገር ከጥቂት መቶ ዓመታት ወዲህ ገኖ የኖረው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ክቡ በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ክዳን ሲሠራ ለባለሙያው የለመደ እጅ ሥራ ነው። ግድግዳው በጥርብ ድንጋይ፣ ክዳኑ በቆርቆሮ ሲሆን ግን ችግር ይመጣል፦ እያንዳንዱ ድንጋይ ፊቱ ጎበጥ ብሎ መጠረብ አለበት፣ ቀጥ ያለው ቆርቆሮም በክብ ጣሪያ ላይ ሲለብስ እየተቆራረጠ ይባክናል። ስምንት ማዕዘኑ ይህን ይፈታል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ጣሪያው ስምንት ገጽ ይሆናል፣ መቅደሱም እንደ ክቡ ሁሉ በመካከል ይቀመጣል። ችግሩ በሙሉ ወደ ስምንቱ ማዕዘኖች ይሰበሰባል፤ የግንበኛ እጅ የሚፈተነውም እዚያ ነው። የስምንት ማዕዘን ቤት ግድግዳዎች የሚገናኙት በ135 ዲግሪ ነው። ደግ ግንበኛ የማዕዘኑን ድንጋይ አንድ ወጥ አድርጎ በዚያ ዲግሪ ይጠርበዋል፤ ረጅሙን ክንዱን በአንዱ ረድፍ ወደ ግራ፣ በሚቀጥለው ወደ ቀኝ እያፈራረቀ ሁለቱን ግድግዳዎች ያስተቃቅፋቸዋል። ሰነፍ ግንበኛ ሁለት ቀጥ ያሉ ድንጋዮችን ጫፍ ለጫፍ አስጠግቶ ክፍተቱን በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ ጥቂት ክረምት እንዳለፈ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ አዲስም ሆነ አሮጌ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ፊት ለፊቱን ትቶ አንዱን ማዕዘን ተጠግቶ ከመሠረቱ እስከ ክፈፉ ይከተለው። በአምስት ደቂቃ ብዙ ይማራል።

ይህ ቅርጽ ከካስታኛ ጋር የመጣ አይደለም። እንጦጦ ማርያም፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን፣ ስምንት ማዕዘን ናት፤ እንጦጦ ራጉኤልም እንዲሁ። ክቡን ወደ ስምንት ማዕዘን ማሸጋገሩ በሸዋ ቤተ መንግሥት ዙሪያ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር መሐንዲሱ የተቀበለው ዝግጁ የሆነ አካል ነው። እሱ የጨመረው ልብሱን ነው፦ የአውሮፓን የክላሲክ ስልት፣ የተመጠነ የፊት ገጽታ፣ የተስተካከለ የድንጋይ ክፈፍ። እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል። በጣሊያን ላይ ለተገኘ ድል መታሰቢያ የሚሆን ቤተ ክርስቲያን ጣሊያናዊ ከነደፈው፣ መልኩም የአውሮፓ ከሆነ፣ እንዴት የእኛ ሥራ ምሳሌ ይሆናል? የሚል ነው። ሕንፃን ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚመዝን ሰው ይህ ተቃውሞ መልስ የለውም። ከመቅደሱ ለሚነሣ ግን መልሱ ግልጽ ነው። መቅደሱ የት ይሁን፣ ቅድስቱ በምን ይከበብ፣ ማኅሌቱ የት ይቁም፣ በሮቹ በየት ይከፈቱ የሚሉት ጥያቄዎች በሥርዓቱ ተወስነው የኖሩ ናቸው፤ መሐንዲሱ አልነካቸውም፣ እንዲነካም አልተፈቀደለትም። ባዕድ ባለሙያ ቀጥሮ የራስን ሥርዓት ማሠራት ኃፍረት የለበትም፤ ኃፍረቱ የባዕዱን መልክ ብሎ የራስን ሥርዓት ማጠፍ ነው። ምኒልክ ዕውቀቱን ከፈለጉበት ወስደው ሥርዓቱን አጽንተዋል፤ እንዲያውም የዓድዋ መንፈስ በድንጋይ ሲጻፍ ይህን ይመስላል ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ክብም ሆነ ስምንት ማዕዘን፣ ቅኔ ማኅሌቱ መቅደሱን የሚዞር መተላለፊያ ነው፤ የዚህ መተላለፊያ ወርድ ከሁሉ በላይ የምመለከተው ልክ ነው። ማኅሌት የሚቆመው በምዕራብ በኩል ነው። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ሁለት ረድፍ ሠርተው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ከበሮ መቺዎቹ ይመላለሳሉ፤ ወረቡ ሲጀመር ረድፉ ወደ ፊት ይመጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መቋሚያው ይነሣል ይወርዳል። ለዚህ የሚበቃ ቦታ ከሌለ ዜማው ይታፈናል፣ ሽብሸባውም ይደናቀፋል። በጣም ሰፊ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ረድፎች ይራራቁና የአንዱ ወገን ድምፅ ለሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። ድምፁንም ማዳመጥ ያስፈልጋል። የከበሮ ምት ገና ሳያበቃ የቀደመው ምት ከግድግዳ ተመልሶ ከመጣ፣ ቤቱ ለማኅሌት አልተሠራም። ለስላሳ እምነ በረድ ከወለል እስከ ጣሪያ የለበሱ አዳዲስ ሕንፃዎች በዚህ ይታመማሉ፤ ጸናጽሉ ይጮኻል፣ የግእዙ ቃል ግን አይለይም። በአሮጌዎቹ የእንጨት ጣሪያው፣ የወለሉ ምንጣፍ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሸራና የሰዉ ነጠላ ሳይቀር ድምፁን እየጠጡ ያረጋጉታል። በእንዲህ ያለው ቤት ማዳመጥ ከማየት ይቀድማል።

ይህ ደግሞ ወደ ዋናው ተቃውሞ ይወስደናል። መካከሉን መቅደስ የያዘው ቤት ለምእመኑ አይመችም፤ በሰሜን የቆመ የምዕራቡን ማኅሌት አያይም፣ በምዕራብ የቆመም ከፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው የሚያየው፤ ዛሬ ሰው ቅዳሴውን ተከታትሎ እንዲረዳ ከተፈለገ ረጅሙ አዳራሽ ይሻላል ይላሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። በተጨናነቀ ቀን ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚጋፋ ሕፃን የያዘች እናት ችግር እውነተኛ ችግር ነው፤ ሥርዓት ነው ተብሎ ችላ የሚባል አይደለም። ግን መቅደሱ ሊታይ ታስቦ አልተሠራም። መንጦላዕቱ የሚጋረደው፣ ግድግዳው የቆመው፣ ከካህናት በቀር ሌላው የማይገባው በውስጡ ያለው ስለሚከበር ነው። መከለሉን ያስወገደ ሕንፃ ምቾት ጨምሮ ምሥጢሩን ቀንሷል። ትምህርቱና ስብከቱ ደግሞ ጥንቱንም ቦታ ነበረው፤ ሕዝቡ በሙሉ ተሰብስቦ የሚማረው፣ ታቦቱም ወጥቶ የሚቆመው በዐውደ ምሕረቱ ነው። እንግዲህ የአደባባዩን ሥራ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሕንፃውን ወደ መሰብሰቢያ አዳራሽ ከመለወጥ ይልቅ ዐውደ ምሕረቱን አሳምሮ፣ ከፀሐይና ከዝናብ መጠለያ ሠርቶ መጠበቅ ይበልጥ የተስተካከለ መፍትሔ ነው።

ደግሞም በምዕራብ የቆመው ሰው የሚያየው ባዶ ግድግዳ አይደለም። የመቅደሱ ግድግዳ የሥዕል ሥፍራ ነው፤ ወደ ውስጥ ማየት የተከለከለው ዓይን የሚያርፍበት ተሰጥቶታል። በልማዱ በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሊቃነ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ፤ ከዚያ በላይና በዙሪያው የጌታ ታሪክ፣ የእመቤታችን ተአምራት፣ በፈረስ ላይ ያሉ ሰማዕታት ይዘረጋሉ። ባለሙያው ብዙ ጊዜ በሸራ ላይ ስሎ ነው ከግድግዳው የሚለጥፈው፤ ስለዚህ የሸራው መጋጠሚያ በደጉ ሥራ ከምስሎቹ ወሰን ጋር ይገጥማል፣ በሰነፉ ግን የቅዱሱን ፊት ለሁለት ይሰነጥቃል። ሌላም የሚታይ አለ። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው የሚታዩ ሆነው ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን ይቀመጣሉ። ይህን ሕግ የማያውቅ ሠዓሊ ሐዋርያን በጎን ፊት ሲያስቀምጥ የቀለም ችሎታው ምንም ቢሆን ቋንቋውን እንዳልተማረ ያሳውቃል። አፈወርቅ ተክሌ በጊዮርጊስ የሠሯቸው ሥዕሎችና ሞዛይኮች እዚህ ላይ ይከራከሩናል። እሳቸው በእንግሊዝ አገር የሠለጠኑ ናቸው፤ አካሉ ጥልቀት አለው፣ ብርሃንና ጥላው የአውሮፓ ትምህርት ነው። ከባህሉ ወጥተዋል የሚላቸው ሰው አለ። እኔ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ ሥዕሉ ሰዉን ወደ መቅደሱ ይመልሰዋል ወይስ ለራሱ ብቻ ያስቀረዋል? ነጠር ያሉት ቀለሞችና ወደ ተመልካቹ የዞሩት ትልልቅ ዓይኖች የቀድሞውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አልረሱም። በጥቂት ቦታ የሠዓሊው እጅ ከቅዱሱ ይልቅ ጎልቶ ይታየኛል፤ በጠቅላላው ግን ግድግዳውን አገልግለውታል።

ከዚህ ቀጥሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን፣ መንበረ ጸባዖትን፣ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም፤ በአዲስ አበባ ካቴድራል ሲባል ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው እሱን ነውና። ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀምሮ፣ በወረራው ተቋርጦ፣ ከነጻነት በኋላ የተፈጸመ ሥራ ነው። ቅርጹ ረጅም ነው፤ ፊት ለፊቱ የአውሮፓን ካቴድራል ይከተላል፤ መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት ናቸው። በውስጡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1928 ዓ.ም. የጄኔቫ ንግግር ሳይቀር ተሥሏል፤ በግቢው አርበኞች፣ ሲልቪያ ፓንክረስትና ሌሎች የአገር ባለውለታዎች አርፈዋል። የታሪክ ማኅደርነቱ አያከራክርም። በሥራ በኩል ከሁሉ የሚልቅብኝ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን የመቃብር ሣጥኖች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1993 ዓ.ም. ያረፉበት ይህ የግራናይት ሥራ ከአክሱም የተወሰደ መልክ አለው፤ ድንጋዩ ከባድ፣ ጌጡ ጥቂት፣ ልኩ የተጠበቀ። ለሞት የሚገባውን ክብደት የሰጠው በወርቅ ቅብ ሳይሆን በድንጋዩ ጽናት ነው። በአንጻሩ በፊት ለፊቱ የቆሙት የወንጌላውያን ሐውልቶች አይዋጡልኝም። ሐውልቶቹ በራሳቸው መጥፎ ተቀርጸዋል ማለቴ አይደለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ምስል በገበታ፣ በግድግዳና በብራና ላይ ነው የሚኖረው፤ ቁመና ያለው ቅርጽ በሥርዓቱ ውስጥ ሥራ የለውም፣ አይሳለምም፣ አይታጠንም። ሥራ የሌለው ነገር በቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ሲቆም የሚናገረው ለምእመኑ ሳይሆን ለእንግዳው ነው። የሥላሴ ጠንካራውም ደካማውም ጎን ይህ ነው፤ በአንድ በኩል ያለቀለት የአገር ማስታወሻ፣ በሌላ በኩል ከማእከሉ ይልቅ ለፊት ገጹ ብዙ የደከመ ሕንፃ።

እንዲህ ስል ረጅሙን ቅርጽ እንደማልወድ ተደርጎ እንዳይወሰድብኝ። ረጅሙ ሕንፃ ከክቡ ይልቅ ጥንታዊ ነው። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን አራት ማዕዘን ሆኖ እንጨትና ድንጋይ በየረድፉ እየተፈራረቀበት፣ የእንጨቶቹ ጫፎች ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ፤ የላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ ያንኑ ስልት በዋሻ ውስጥ አክብሮ ይዞታል። ላሊበላ ላይ ቤተ መድኃኔ ዓለም ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ረጅም ቤት ነው። ጎንደር ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አራት ማዕዘን ነው፤ በጣሪያው የተሣሉት ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ግን ከየትም ቢቆሙ ወደ ታች ያያሉ። በእነዚህ ሁሉ መቅደሱ በምሥራቅ ጫፍ ነው፤ ሦስቱ ክፍሎች እንደ ክቡ አንዱ ሌላውን በመክበብ ሳይሆን ተከታትለው ይመጣሉ፤ ደረጃው ግን አልጠፋም። አክሱም ጽዮን ላይ ሁለቱ ሕንፃዎች ጎን ለጎን ስለቆሙ ንጽጽሩ ይቀልላል። የዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ሕንፃ ዝቅ ያለ፣ አራት ማዕዘን፣ ሴቶች የማይገቡበት ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት አዲሱ ባለ ጉልላት ካቴድራል ሴቱንም ወንዱንም ይቀበላል። አዲሱ የመለሰው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ እናቶች ለዘመናት ከውጭ ቀርተው ነበርና። ትልቅነቱ በዚህ ምክንያት የሚገባው ነው። ሆኖም ሰፊው ጉልላት ዓይንን ወደ መካከል ወደ ላይ ይስባል፣ መቅደሱ ደግሞ በምሥራቅ ነው፤ ሕንፃው አንድ ነገር ሲል ሥርዓቱ ሌላ ይላል። ጉልላትን በረጅም ቤት ላይ ለመትከል የሚያስብ ንድፍ አውጪ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። በክቡና በስምንት ማዕዘኑ ጥያቄው ከመነሻው የለም፤ የሰጎን እንቁላል የተሰካበት ጉልላት ከጣሪያው ጫፍ ላይ ሆኖ በቀጥታ ከሥሩ ያለውን መቅደስ ያመለክታል።

የመጨረሻው ጉዳይ እሳትና እድሳት ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ጋር ተያይዞ ፋሺስቶች የአራዳ ጊዮርጊስን አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላ ታደሰ። ስለዚህ ዛሬ የምናየው አብዛኛው የውስጥ ሥራ የምኒልክ ዘመን አይደለም፤ እንግዲህ ምኑን ነው የምታደንቀው? የሚል ሊኖር ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ግን የሙዚየም ዕቃ አይደለም። ሥዕሉ በጭስ ይጠቁራል፣ ጣሪያው ይዝጋል፣ ምንጣፉ ያልቃል፤ ሁሉም በየዘመኑ ይተካል። እድሳትን የምመዝነው ቦታውንና ሥራውን ጠብቆ ተክቷል ወይ ብዬ ነው። በጊዮርጊስ መቅደሱ ከመካከል አልተነሣም፣ መተላለፊያው አልተደፈነም፣ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሉን አላጣም፤ እሳቱ ገጹን ወሰደ እንጂ አሳቡን አልወሰደም። ዛሬ በየአጥቢያው በበጎ ፈቃድ የሚደረገው እድሳት ግን ከእሳቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ ጊዜ አለ። በኖራ የተገነባ አሮጌ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ሲሚንቶው ከውጭ ደህና መስሎ ሳለ ከኋላው ኖራው ይረግፋል፣ በውስጥ በኩል ያለው ሥዕልም ከነሸራው ያብጣል። ትክክለኛው መንገድ በኖራ የተሠራውን በኖራ ማደስ ነው፤ ባለሙያውም ጨርሶ አልጠፋም። የዝግባው ወይም የወይራው በር ወጥቶ በአሉሚኒየም ሲተካ ምእመኑ የሚሳለመው መቃን ይለወጣል። በመቅደሱ በር ላይ የሚንቦገቦግ ባለቀለም መብራት ሲሰቀል ጧፉ ይጠፋል፣ ሊቃነ መላእክቱም ከነሰይፋቸው አይታዩም። አሮጌው ሥዕል ደበዘዘ ተብሎ በዘይት ቀለም ከላዩ ሲቀባ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም፤ በጥንቃቄ ቢጸዳ ኖሮ ከጥቀርሻው ሥር ቀዩና ቢጫው እንዳለ ይገኝ ነበር። አሠሪ ኮሚቴ ሥራውን ለተቋራጭ ከመስጠቱ በፊት ከደብሩ ሊቃውንት ጋር በማኅሌት ጊዜ ገብቶ ቢቆም፣ ከበሮው ሲመታ፣ መጋረጃው ሲከፈት፣ ሰዉ ለቍርባን ሲቀርብ የቱ በር እንደሚጠብ፣ የቱ ጥግ እንደሚጨልም፣ ዝናብ ሲመጣ ውጭ የቆሙት ወዴት እንደሚሸሹ አይቶ ቢጽፍ፣ የእድሳቱ ዝርዝር በአብዛኛው ከዚያ ይወጣል፤ እምነ በረዱም ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ፣ ገንዘብ ከተረፈ፣ ይመጣል።